ባክቴሪያ ነፋስ የሚወስደው አቧራ አይደለም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ ሰሞኑን ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹሕ ውሃ የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ምክሩ ትክክለኛና ወቅታዊ ነው፤ በተለይ ክረምት ሲገባ በየቤቱ ስለሚበረታው ተቅማጥ የተሰጠው ማሳሰቢያ ደጋግሞ ሊጻፍ የሚገባው ነው። ሆኖም በጽሑፉ መካከል ባክቴሪያና ሌሎች ጥቃቅን ተህዋስያን በራሳቸው መንቀሳቀስ እንደማይችሉ፣ ነፋስ፣ ውሃና ዝንብ ወደ ወሰዳቸው ብቻ እንደሚሄዱ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የኖርሁ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ በመሆኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም የሕመምተኛን ውጤት እስከ ማበላሸት የሚደርስ መዘዝ እንዳለው በሥራዬ ስላየሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ።

በቅድሚያ ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ። ተህዋስያን ከአገር አገር፣ ከሰፈር ሰፈር የሚዛመቱት በራሳቸው ጉልበት አይደለም፤ ኮሌራን ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው የሚያደርሰው የተበከለ ውሃና ምግብ፣ የሰውም እንቅስቃሴ ነው። ደግሞም ጨርሶ የማይንቀሳቀሱ ብዙ አሉ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አይዋኝም፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ መዋኛ ጭራ የለውም፤ ቁስል የሚያመረቅዘው ስታፊሎኮከስም እንዲሁ። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ የሚጨምሩት የእርሾ ሕዋስ እንኳ ጋዝ እያመረተ ሊጡን ኩፍ ያደርገዋል እንጂ ካረፈበት ንቅንቅ አይልም። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን የሚዋኙ፣ የሚሳቡና የሚንሸራተቱ እጅግ ብዙ ዓይነቶች አሉ። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ አምስት መቶ ያህሉ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ይህ ፍጥረት በአንድ ሴኮንድ ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይዋኛል፤ ይህም የቁመቱ አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በዚሁ ልክ ቢዋኝ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በተጓዘ ነበር። ጸሐፊው በምሳሌነት የጠቀሱት የኮሌራ ባክቴሪያ ደግሞ አንዲት ጭራ ብቻ ይዞ ከዚህም በላይ ይፈጥናል፤ ጥቁር ዳራ ባለው ማይክሮስኮፕ ያየው ሰው በሌሊት ሰማይ ላይ ሽው የሚል ተወርዋሪ ኮከብ ይመስለዋል። የኮሌራ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ተህዋሲን ለመከላከል የሚያመርተው ንጥረ ነገር) ያለበት ፈሳሽ ሲጨመርበት ይህ ሩጫ ቀጥ ይላል፤ ባለሙያውም ኮሌራ መሆኑን ከሚጠረጥርባቸው ፈጣን ዘዴዎች አንዱ ይኸው የሩጫው መቆም ነው።

ምናልባት «የምታዩት የውሃውን መናወጥ እንጂ የተህዋሱን እንቅስቃሴ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተገቢ ተቃውሞ ነው፤ ሮበርት ብራውን የተባለው የእፅዋት ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከአበባ ዱቄት የወጡ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲንቀጠቀጡ ተመልክቷል፤ ሕይወት የሌለው የድንጋይ ብናኝም እንዲሁ እንደሚንቀጠቀጥ አረጋግጧል። የሚያንቀጠቅጣቸው የውሃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው የሚያደርሱባቸው ግጭት ነው። ስለዚህ በእኛ ሙያ ተማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ይህን ከእውነተኛው ጉዞ መለየት ነው። ብናኝ ባለበት ይንቀጠቀጣል፤ በስላይዱ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከነጎደም ፈሳሹ ራሱ እየፈሰሰ ነው። ሕያው ዋናተኛ ግን ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ ከጎኑ ያለው ወደ ቀኝ ሲሄድ እርሱ ወደ ግራ ያልፋል። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ያየ ዓይን ዳግመኛ አይሳሳትም።

እንቅስቃሴ የተህዋስያን ጥናት የተጀመረበት ዋነኛ ማስረጃም ነው። በሆላንድ ዴልፍት ከተማ ይኖር የነበረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ በገዛ እጁ ባሾለው ባለ አንድ መነጽር ማይክሮስኮፕ የዝናብ ውሃና ቁንዶ በርበሬ የተዘፈዘፈበት ውሃ ሲመረምር ያየውን በ1676 ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር ጻፈ። ያያቸውን ቅንጣቶች ሕያዋን ናቸው ለማለት ያስደፈረው በራሳቸው ወዲያና ወዲህ መሄዳቸው ነበር። የማኅበሩ ሰዎች ተጠራጠሩ፤ በኋላ የማኅበሩ አባል የሆነው ሮበርት ሁክ በ1677 ያንኑ በዓይኑ አይቶ መሰከረለት። ሊዌንሁክ በ1683 ከጥርሱ መካከል የፋቀውን ነጭ ነገር ሲመለከት አንዱ ዓይነት እንደ አዳኝ ዓሣ ሲወነጨፍ፣ ሌላው በአንድ ቦታ እንደ እንዝርት ሲሾር አግኝቷል። ቆይቶም ትኩስ ቡና ከጠጣ በኋላ በፊት ጥርሶቹ ላይ የነበሩት መንቀሳቀስ ማቆማቸውን ጽፏል፤ ሰውየው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያልነበረው ቢሆንም «መንቀሳቀስ ቆመ፤ ስለዚህ ሙቀቱ ገደላቸው» የሚለው አካሄዱ ዛሬም የምንጠቀምበት ነው። የወባ ነገርም ከዚህ አይለይም። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቭራን በአልጄሪያ ኮንስታንቲን ከተማ በወታደራዊ ሆስፒታል ሳለ ኖቬምበር 6 ቀን 1880፣ ከአንድ ወታደር በተወሰደ ደም ውስጥ ከክብ አካል ጫፍ ላይ የወጡ ቀጫጭን ክሮች ሲገረፉና ሲወራጩ ተመለከተ። ጥቁር ቅንጣት ያዘሉትን ክብ አካላት ከእርሱ በፊትም ሌሎች አይተዋቸው ነበር፤ ሕያው ተህዋሲ መሆናቸውን ለላቭራን ያረጋገጠለት ግን ያ የክሮቹ መወራጨት ነው። በ1907 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራው ነው።

እንዴት እንደሚዋኙ የሚናገረው ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው መቅዘፊያውን ከውሃው ቢያወጣም ታንኳው ለጥቂት ጊዜ በራሱ ይንሸራተታል። ባክቴሪያ ግን ይህ ዕድል የለውም። በእርሱ ትንሽነት ላይ ላለ አካል ውሃ እንደ ወፍራም ማር የሚይዝ ነገር በመሆኑ ጭራውን ማዞር ባቆመበት ቅጽበት ቀጥ ይላል፤ ኤድዋርድ ፐርሰል የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1977 እንዳሰላው ከቆመ በኋላ የሚንሸራተተው ርቀት ከአንድ የሃይድሮጅን አቶም ስፋት ያንሳል። በዚህ ዓይነቱ ውሃ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ እኩል መቅዘፍም አያዋጣም፤ በሄደበት መንገድ መልሶ ያመጣዋልና። ስለዚህ ባክቴሪያው የሚጠቀመው መቅዘፊያ ሳይሆን ጠመዝማዛ ነው፤ ከአካሉ የሚረዝም፣ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቀጭን ጭራ አለው፤ ሥሩ ላይም ጭራውን የሚያሽከረክር ሞተር አለ። ብዙ ዘመን ጭራው እንደ ዓሣ ጅራት የሚወዛወዝ ይመስላቸው ነበር። በ1973 ሃዋርድ በርግና ሮበርት አንደርሰን ጭራው እንደሚሽከረከር ማስረጃ አቀረቡ፤ በዓመቱ ማይክል ሲልቨርማንና ሜልቪን ሳይመን ጭራውን ከመስታወት ጋር ሲያጣብቁት የባክቴሪያው አካል ራሱ መዞር ጀመረ። ጭራው ከተያዘ ሞተሩ አካሉን ያዞራል ማለት ነው። ይህ ሞተር የሚንቀሳቀሰው በሽፋኑ በኩል ወደ ውስጥ በሚፈሱ የሃይድሮጅን ቅንጣቶች ሲሆን፣ የወንዝ ውሃ የወፍጮውን መዘውር እንደሚያዞረው ያለ አሠራር ነው። በሴኮንድም መቶ ጊዜ ያህል ይሾራል።

አቅጣጫ አመራረጡም ልብ ሊባል ይገባል። የኢ. ኮላይ ሞተሮች ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ሲዞሩ ጭራዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ባክቴሪያውን ወደፊት ይገፉታል፤ አንድ ሴኮንድ ያህል ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ከሞተሮቹ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ አቅጣጫ ሲቀይሩ ጉንጉኑ ይፈታል፤ ባክቴሪያው ለአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይገለባበጥና በደረሰበት አቅጣጫ እንደገና ይሮጣል። ምግብ ወዳለበት እየቀረበ ከሆነ ሩጫውን ያራዝማል፤ እየራቀ ከሆነ ቶሎ ይገለባበጣል። ይህን የሚያውቀው አሁን የቀመሰውን ከጥቂት ሴኮንድ በፊት ከቀመሰው ጋር በማወዳደር ነው። አንጎል የሌለው፣ ነርቭ የሌለው አካል የሴኮንዶች ትዝታ አለው። ጁሊየስ አድለር በ1960ዎቹ ስኳር በያዘ ቀጭን ቱቦ አፍ ላይ ባክቴሪያዎች ሲሰባሰቡ እያሳየ ይህን የጥናት መስክ ከፍቷል። ይህን የሚያደርግን ፍጥረት «ወደ ወሰዱት የሚሄድ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ከባክቴሪያ የሚተልቁት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት በየራሳቸው ስልት ይሄዳሉ። ፓራሚሲየም አካሉን የሸፈኑትን በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ፀጉሮች ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ በተራ እያስተኛና እያነሣ በሴኮንድ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይዋኛል፤ ከእንቅፋት ጋር ሲጋጭ ወደኋላ ብሎ፣ ጥቂት ዞሮ፣ በሌላ አቅጣጫ ይሞክራል። አሜባ የአካሉን ፈሳሽ ወደ አንድ ወገን እያፈሰሰ እግር መሰል ጉጥ ያወጣል፤ ቀሪው አካሉም ይከተላል። ዩግሊና ብርሃን የምትለይበት ቀይ ነቁጥና የምትዋኝበት ጭራ አላት። በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፦ በጪቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ ውሃውን ያቀለመው ስፒሩሊና የተባለው ባክቴሪያ በአካሉ ውስጥ ባሉ የጋዝ ከረጢቶች እየተንሳፈፈ ወደ ብርሃን ይወጣል፤ ፍላሚንጎዎች የሚመገቡት፣ ሮዝ ቀለማቸውንም የሚያገኙት ከእርሱና ከመሰሎቹ ነው።

ወደ በሽታዎቻችን ስንመጣ እንቅስቃሴን ማወቅ የዕለት ሥራችን ይሆናል። በደጋው አገር ፊት ላይ የሚወጣውን ቁንጭርን የሚያመጣው ሊሽማንያ በአሸዋ ዝንብ ሆድ ውስጥ ሳለ ረጅም ጭራ ያለው ዋናተኛ ነው፤ ከሽኮኮ ደም የመጠጠችው ዝንብ ሰውን ስትነክስ ወደ ቆዳ ይገባል። የሰውነት ዘብ የሆነው ነጭ የደም ሕዋስ ሲውጠው ጭራውን ሰብስቦ ክብ ይሆንና በዋጠው ሕዋስ ውስጥ ይራባል። በመተማና በሑመራ ቆላዎች የሚታየውን ካላዛር የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ዘመዱም እንዲሁ ያደርጋል። እኛ ከታማሚው ወስደን ቀለም ቀብተን የምናየው ያንን የቆመውን መልኩን ነው፤ ያንኑ ናሙና በጥንቸል ደም በተሠራ ማብቀያ ውስጥ ካቆየነው ግን ጭራውን መልሶ ያበቅልና ሲዋኝ እናየዋለን። የወባ ትንኝ በቆዳችን ውስጥ የምታስቀምጠው የወባ ዘርም ጭራ ሳይኖረው በሴኮንድ ከአንድ ማይክሮሜትር በላይ እየተንሸራተተ የደም ሥር ፈልጎ ወደ ጉበት ይሄዳል። ነፋስም ዝንብም በቆዳ ውስጥ የለም፤ የሚሄደው ራሱ ነው።

የጋዜጣችሁ አንባቢ ሁሉ ምናልባት በእጁ ይዞት የሚያውቀውን ወረቀት ልጥቀስ። ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ተቋም የሄደ ሰው «ዊዳል» የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ሲታዘዝለት በውጤቱ ላይ «ኦ» እና «ኤች» የሚሉ ፊደሎች ያያል። ኤች የሚለው ፊደል «ሃውኽ» ከሚል የጀርመንኛ ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንፋሽ ማለት ነው። ፕሮቲየስ የተባለው ባክቴሪያ በማብቀያው ሳሕን ላይ በጭራዎቹ እየዋኘ ሲስፋፋ መስታወት ላይ እንደተነፈሱበት ያለ ስስ ጉም ይተዋል፤ ጭራ የሌለው ግን ጉም አይተውም፤ «ኦ» የተባለውም «ያለ ትንፋሽ» ከሚለው ነው። ስያሜው በኋላ ለታይፎይድ ባክቴሪያም ተወሰደ። ስለዚህ «ኤች 1፡160» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው የያዘው ደሙ ከባክቴሪያው የመዋኛ ጭራ ጋር ለመጋጠም ያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ቁጥር ነው። ይህ ፀረ እንግዳ አካል ካለፈ ሕመም ወይም ከክትባት የቀረ፣ አልያም ለሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ አለብህ ተብሎ መድኃኒት መጀመር የማያስተማምነው ስለዚህ ነው። ይህንን ለሕመምተኛ ለማስረዳት ባክቴሪያ ጭራ እንዳለውና እንደሚዋኝ ከማስረዳት የሚቀልል መንገድ አላገኘሁም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የሰገራ ምርመራ ነው። ተቅማጥ የሚያመጣውን ጃርዲያን በሕይወት ያየው የመጀመሪያው ሰው ያው ሊዌንሁክ እንደሆነ ይታመናል፤ በ1681 ተቅማጥ ይዞት ሳለ የገዛ ሰገራውን መርምሮ ነው። ስምንት ጭራዎችና ሁለት ዓይን የሚመስሉ ሁለት ማዕከሎች ያሉት ይህ ተህዋሲ በጨው ውሃ ጠብታ ውስጥ ከዛፍ እንደረገፈ ቅጠል እየተገላበጠ ሲዋኝ ከማንም ጋር አይምታታም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው አሜባም እንዲሁ፤ ጉጡን እየሰደደ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገሰግሳል፣ የዋጠው ቀይ የደም ሕዋስም በሆዱ ይታያል፤ ጉዳት የሌለው የአንጀት አሜባ ግን ቀርፋፋና መድረሻ የሌለው ነው። አዮዲን የምንጨምርበት ስላይድ የእንቁላል መሰሉን ጠንካራ መልካቸውን ለማየት ይረዳል እንጂ ዋናተኛውን ይገድለዋል፤ ስለዚህም ነው ከጎኑ የጨው ውሃውን ስላይድ የምንሠራው። ዋናተኛው መልክ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ብዙ አይቆይም። ቀጭን ሰገራ በወጣ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ጭራው ይቆማል፣ አካሉ ይፈርሳል፣ የሚታየውም የማይለይ ፍርስራሽ ይሆናል።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ጤና ተቋም አንዲት እናት የሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ናሙናው ጠዋት ደረሰ፤ ተራው ሲደርስ ቀትር አልፎ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ በጥንቃቄ አይቶ «ተህዋሲ አልታየም» ብሎ ጻፈ፤ አልዋሸም፣ የሚታይ አልነበረምና። በማግሥቱ ልጁ ብሶበት ሲመለስ እዚያው የሰጠውን ናሙና ወዲያው በስላይድ አድርጌ ብመለከተው ጠብታው በጃርዲያ ተሞልቷል። አያትየው «ልጄ፣ ትናንት የለም ያላችሁት ዛሬ ከየት መጣ?» አሉኝ። «እማማ፣ ትናንትም ነበረ፤ ስናቆየው ሞቶብን ነው» ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ያ ልጅ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያለ መድኃኒት ያደረው ተህዋሲ በእንቅስቃሴው እንደሚታወቅ ናሙና የሚቀበለው ሰው ስላልተነገረው ነው። በየተቋሙ ናሙና ከጠዋት እስከ ቀትር ተደርድሮ ሲጠብቅ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። አንባቢያንም ናሙና ከቤት ይዘው ሲሄዱ ወይም ሰጥተው ሲጠብቁ ሰዓቱን እንዲናገሩ፣ ከቆየም አዲስ እንስጥ ብለው እንዲጠይቁ በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ።

የዝግጅት ክፍሉ የተባለውን ዓረፍተ ነገር እንዲያርምልኝ በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ለሳይንስ መምህራን አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮስኮፕ በቁምሳጥን ተቆልፎ ተማሪው የፓራሚሲየምን ሥዕል ብቻ ከሰሌዳ ሲገለብጥ በብዙ ትምህርት ቤቶች አይቻለሁ። ሥዕል አይዋኝም። ከሐይቅ ወይም ከኩሬ የተቀዳ ውሃ በብርጭቆ ይደረግ፣ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ይጨመርበት፣ ላላ ተደርጎ ተከድኖ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ይቆይ። ውሃው መጀመሪያ የሚደፈርሰው ባክቴሪያ ስለሚበዛ ነው፤ ከዚያ ባክቴሪያውን የሚበሉት ትልልቆቹ ይመጣሉ። ከላይኛው ስስ ሽፋን አጠገብ አንድ ጠብታ ተወስዶ በስላይድ ላይ ይደረግ፤ ፍጥነታቸው ለዓይን ካስቸገረ ጥቂት የጥጥ ክር በጠብታው ውስጥ ማኖር መንገዳቸውን ይዘጋዋል። ትልልቆቹ በመቶ እጥፍ፣ ባክቴሪያዎቹ በአራት መቶ እጥፍ ማጉያ ይታያሉ። ተማሪዎቹ የትኛው ብናኝ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የትኛው እንደሚጓዝ ራሳቸው ይለዩ፤ ሲጨርሱ በብርጭቆው ላይ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፣ እጃቸውንም በሳሙና ይታጠቡ። መምህሩ ግን ጠብታው በማይክሮስኮፑ መብራት ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳያዩ እንዳይቀሩ ሁለተኛ ስላይድ አዘጋጅቶ ይጠብቅ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ
ከባሕር ዳር